ከወርቁ ሥር

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ሳቫ ወንዝ ጉሙን ለብሶ፣
ሚኒባሴን አስነሣለሁ፣ መጥረጊያው ውርጩን ልሶ።
ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ክረምት ከበጋ፣
አምስት ሰው አደርሳለሁ፣ ደም ከሚታጠብበት አልጋ።

አልጋው ያለው ከተማ ነው፤ በሽታው ያለው ከመንደር፣
ከወንዙ ዳር፣ ከስንዴው ዳር፣ ከቅድመ አያት አፈር።
በስንዴው መሐል የሚበቅል አንድ አረም ነበር ይላሉ፤
ፍሬው ከእህሉ ተፈጭቶ ዳቦ ሆነ ከነአመሉ።
ማንም በክፋት አልሰጠን፤ እናት ናት ቆርሳ ያጎረሰች፤
ኩላሊት ግን ቂም ያዥ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቆጠረች።

ከኋላዬ ያጎዳ አለች፤ ሰባ ሁለት ነው ዓመቷ፤
ስቲፖ ባሏ በዚሁ ሞተ፣ ይህ መኪና ሳይደርስ ከቤቷ።
የቀለበቱን ወርቅ አስቀልጣ ጥርሷን አለበሰችበት፤
«ስስቅ አብሮኝ ይሳቅ» ብላ፣ ጥቁር መልበስ ሲሰለቻት።

ዘንድሮ ግን ከሳች ያጎዳ፤ ካፖርቷ ሆነ ድንኳን፤
ሾርባውን ለድመት ሰጠች፤ ቃሏ አጠረ እንደ ክረምት ቀን።
ሐኪሟ ሱንቻና ወረቀቱን አይታ፣ መነጽሯን ገፋች ወደ ግንባር፤
ከአምስት ማለፍ የሌለበት ቁጥር ስልሳን ዘልሎ ነበር።
«ደምሽ ውስጥ እሳት አለ» አለች፣ «ሳይጨስ የከረመ፣ የዋለ፤
ማሽኑ ቆሻሻ ያጥባል እንጂ፣ እሳት ማጥፋት መቼ ቻለ?»

ቁስል ሲቆጣ ይቀላል፤ ያብጣል፤ «ነክታችሁኛል» ይላል፤
ይህ ግን ድምፅ የሌለው ቁጣ ነው፤ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይበላል።
ጡንቻ ይበላል፣ ጉንጭ ይበላል፣ የልብን ሥር ያደድራል፤
ባለቤቱን ጠባቂ መስሎ ባለቤቱን ይቀብራል።

ማቲያን የወሰደው ይህ ነው፤ የመስኮቱ ወንበር የእሱ ነበር፤
ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ምንጩ ሳይገኝ፤ በኅዳር
ሊነጋጋ ሲል በሩን መታሁ፤ ልጁ ከፈተ፣ ምንም አልተናገረ፤
ቦርሳውን ብቻ አሳየኝ፤ ብርድ ልብሱ ታጥፎ ነበረ።
ያጎዳን ሳይ፣ ፍርሃቴ ባዶ ወንበር ቆጠረ።

ፈለጉ። ክንዷን ዳበሱ፣ ደም የሚቀዳበትን ሥር፤
ሳንባዋን በራጅ፣ እግሯን በመብራት፣ ከተረከዝ እስከ ጥፍር።
ሁሉም ደኅና። ሁሉም ዝም።
አንድ ዓርብ ነርሷ ዝላታ፣ ስሟ በእኛ ቋንቋ ወርቅ፣ የአማቷን ጉድ ስታወራ፣
ያጎዳ ሳቋን ከግማሽ ዋጠችው፤ ጉንጯን ያዘች በግራ።
«ክፈቺ እስቲ!» «ምንም አይደለም።» «ክፈቺ!» ከፈተች በግድ፤
ከወርቁ ሥር መግል ነበረ፤ ረመጥ፣ የሸፈነው አመድ።

ስንት ወር አውቃ ዝም አለች?
«ይነቅሉብኛል ብዬ ነዋ! አንዴ ቀብሬያለሁ ስቲፖን፤
ሁለተኛ እንዴት ይቻላል?»
ዝላታ መልስ አጥታ ነካካች፣ ምንም ያልጎደለውን ማሽን።

ማክሰኞ ነቀሉት። ቁጥሩ በሳምንቱ ሠላሳ፣ በወሩ ሰባት ገባ፤
ድመቷ ሾርባ ተከለከለች፤ ያጎዳ ሰደበች እኔን፣ መንገዱን፣ ከንቲባ።

ዳነች አልልም። ኩላሊቷ እንደሞተ ነው፤ ማሽኑም እዚያው።
አራት ሰዓት፣ ሁለት መርፌ፣ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ያው።
ሱንቻናም ቃል አልገባችም፤ «ለዛሬ ወርዷል» ነው ያለችው፤
ዛሬ ደግሞ ለእኛ ሰፊ ነው፤ ከእሱ ማዶ ማን አየው?

ጥርሱን በጥጥ ጠቅልላ በክብሪት ሳጥን ከታዋለች፤
ከትንሹ ድልድይ «ዝግ በል» አለችኝ፤ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።
ልትጥለው መስሎኝ ነበር፤ ውኃው ጠቁሮ፣ በረዶው ቀልጦ፤
እሷ ግን ሳጥኑን ወዘወዘች፤ ወርቁ ተንኳኳ፣ ውስጡ ተናጦ።
«ይሰማሃል?»
«ይሰማኛል።» መስኮቱን ዘጋች፤ ሳቀች፤
ባዶው ድዷ በመስታወቴ ታየኝ፤ አፏን አልሸፈነች።

ከጎኗ፣ በማቲያ ወንበር፣ አዲሱ ሰውዬ ተኝቷል፤
ስሙን ገና አልለመድኩም። ማሞቂያውን ጨመርኩ። ነግቷል።